ፉርጎ ቆጠራ

እሑድ ነው። ሳስካቱን። ከዜሮ በታች ሃያ አንድ።
ሠላሳ ሦስተኛው ጎዳና፣ ሐዲድ የሚያቋርጠው መንገድ።
ቀዩ መብራት ቦግ እልም፣ ደወሉ ቃ ቃ ቃ፣
ዘንጉ ወረደ ፊቴ ላይ፤ በቃ።

ዳሽቦርዱ ላይ ወረቀቴ፣ ሌሊቱን ሳልተኛ የጻፍኩት፣
ከአረጋውያን መጦሪያው ልብስ አጠባ በእረፍት ሰዓቴ የሰረቅኩት፤
ርእሱ፦ «ዘመንን ስለ መዋጀት»፤ ሦስት ነጥብ፣ ዐሥር ጥቅስ፣
አስተማሪው እኔ ነኝ፣ አራት ሰዓት ላይ ብደርስ።

ለአራት ሰባት ጉዳይ ነው።
ባቡሩ ቀይ ግንባሩን አሳየኝ፤ ጅራቱን የት እንዳለ ማን አውቆ፣
ምናልባት ሌላ አውራጃ ነው፣ ምናልባት ሌላ ዓመት ርቆ።
«ጌታ ሆይ፣ ምነው?» አልኩት፣ መሪውን በመዳፌ መትቼ፣
«ወደ ቤትህ አይደል እንዴ የምበረው እንቅልፌን ትቼ?»

ሐሴት ከኋላዬ ነበረች።
ሁልጊዜም ከኋላዬ ናት፤
በመስታወት ነው የማውቃት፤
ግንባሯን፣ አንድ ዓይኗን፣ የኮፍያዋን ጫፍ፣
ወደ ትምህርት ቤት ስከንፍ፣ ወደ ሞግዚቷ ስከንፍ።
ስድስት ዓመት ሞላት አሉኝ፤ ኬክም ቆርሻለሁ መሰለኝ፣
ያን ቀንም ስልክ ላይ ነበርኩ፣ የሆነ ሰው ሲያስቸኩለኝ።

«አንድ» አለች።
«ሁለት» አለች።
የደበዘዘውን መስኮት ጠርጋ፣ ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ፣
«ሦስት! አባ፣ ቁጠር እንጂ!» ወንበሬን በእግሯ ነቅንቃ።

ምን ላድርግ፣ ገባሁላት፤ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሁለት፣
ሆዳሙ ስንዴ የጫነ ነው፣ ጥቁሩ ድፍድፍ ዘይት፣
ያ ፖታሽ ነው፣ ለሰው እርሻ ባሕር ተሻግሮ የሚርቅ፣
ያኛው ባዶውን ነው፤ ትሰሚያለሽ? እንደ አባትሽ ሲያንባርቅ።
ሠላሳ ስምንተኛው ላይ አንድ ሰው ስሙን ጽፏል በሐምራዊ ቀለም፤
«ማን ነው፣ አባ?» «እንጃ ልጄ፤ ብቻ የቸኮለ አይደለም።»

በቀኝ በኩል ባለ ፒካፑ ሽማግሌ፣ ሽበቱን በሁለት ጎንጉኖ፣
ብርቱካን ይልጣል በእርጋታ፣ ገበታ ላይ እንዳለ ሆኖ፤
አንዷን ክፋይ ለልጄ ከፍ አድርጎ አሳያት በመስኮቱ፣
«ብዪ» እንደ ማለት፣ በሁለት መስታወት በኩል፣ ሲስቅ መላ ፊቱ።
ሳቀች።
ዞሬ አየኋት።
የፊት ጥርሷ የለም።
«መቼ ወለቀ?»
«ሐሙስ። ነግሬህ ነበር።»
ነግራኝ ነበር። አልሰማሁም።

ዓመቱን ሙሉ ለምኛለሁ፣ «ጌታ ሆይ፣ ጊዜ ስጠኝ» ብዬ፤
ሰጠኝ፤ በፉርጎ አስጭኖ፤ መሪ ደበደብኩበት ተቃጥዬ።
መዋጀት ማለት መሮጥ ነው ያለኝ ማን ነበር በዓለሙ?
ተይዞ ያለን ከፍሎ ማስፈታት አይደል ወይ ትርጉሙ?
እኔ ግን ዛሬን በጥሬ ሸጬ፣ ነገን ስገዛ በዱቤ፣
መናውን ለነገ እያሳደርኩ፣ ትሉን ስለቅም ከአገልግሌ፤
እርሱ ግን የዕለቱን ልኮ ነበር፣
በየማለዳው፣
ኮፍያ አድርጋ፣
ከኋላ ወንበር።

ሰማንያ ዘጠኝ። ዘጠና።
ዐይኔ ወደ ሰዓቱ ሾለከ (አራት ከሦስት)፤ መለስኩት።
ዘጠና አንድ። ሽማግሌው ልጣጩን በሶፍት ጠቀለለ።
ጠዋት ከንፈሬ ብቻ የደገመውን «አቤቱ፣ ተመስገን»
አሁን ከአንጀቴ አልኩት፣ ማንም ሳይሰማኝ፣
በፖታሽና በፖታሽ መካከል።

ከዚያ ጸጥ አለ። ዘንጉ ተነሣ፤ ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ፤
በዚህ ከተማ አረንጓዴ መብራት ካየ ሰው ማን ተቀመጠ!

«መቶ ዐሥራ ስምንት!» አለች ሐሴት።
እኔ ጋ መቶ ዐሥራ ሰባት።
ተከራከርን በድልድዩ ላይ፣ ተከራከርን በበረዶው ግቢ፣
መዝሙሩ ከውስጥ እየተሰማ፣ «አባ ተሳስተሃል፣ ግቢ ለግቢ
እንጠይቅ ያን ሽማግሌ!» እያለች።

ቀበቶዋን ስፈታላት ገባኝ።
ልክ እርሷ ናት።
ያቺ አንዷ ፉርጎ ያመለጠችኝ
ሰዓቴን ያየሁ ጊዜ ነው።