ሲደመር፣ ሲቀነስ

አህመዳባድ፣ ግንቦት፤ ግድግዳው ያተኩሳል፤
ነፋሱ በመስኮት እቶን ይተነፍሳል።
እኔ ግን ብርድ ላይ ነኝ።
ፀሐይ ገብታ ከማታውቅ ጓዳ፣
በጨረቃ ደቡብ፣ ከገደል ግድግዳ
ሥር ቁጭ ብያለሁ፤
አፈር የተጫነው በረዶ እቆጥራለሁ።

እቆጥራለሁ ስል… እገምታለሁ እንጂ፤
ዓይኔ አላየችውም፣ አልነካውም እጄ።

ሞገድ እሰዳለሁ ወደ ጥቁሩ ጉድጓድ፤
ነክቶ ይመለሳል በሄደበት መንገድ።
በረዶ ከሆነ ጠምዝዞ ይልከዋል፤
ሸካራ ድንጋይም እንዲያው ያደርገዋል።
«ማን አለ?» ስላቸው
«አቤት!» ይላሉ እኩል፣ አንድ ነው ድምፃቸው።

የኒውትሮን ቆጣሪው ሌላ ወሬ አለው፦
«እዚህ ጋ ቀንሷል፤ ሃይድሮጂን ይዞት ነው።»
ስንት ያህል? «እንጃ፤ የማየው አንድ ሜትር ነው።»
ከዚያ በታችስ?
ዝም።

ዶክተር ቪሽራም መጣ፣ መነጽሩን እየጠረገ።
«ከዚህ እስከዚያ አትበይ፤ አንድ ቁጥር ነው የተፈለገ።
እዚያ የሚያርፉት ስንት ቶን ይበሉ?
‹ከምንም እስከ ሐይቅ› ብንላቸው፣ አይስቁም ሁሉ?»
እውነቱን ነው።
ውሃ አለኝ በሰማይ፣
ጠብታውንም አላይ።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ቦቴው ሰፈር ደረሰ።
ባልዲው ተሰልፏል፦ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣
እጀታው የተበጠሰ፣
የቀለም ቆርቆሮ፣
ከሁሉም መጨረሻ
የኬሳርቤን ሁለት ጀሪካን፣ በአንድ ገመድ ታስሮ።

ሾፌሩ ዳንሱክ መፍቻውን አወጣ፤
የቦቴውን ጎን ከላይ እየመታ ወደ ታች መጣ፦
ቃ… ቃ… ቃ… ድው።
ድምፁ የወፈረበት፣ የውሃው ልክ ያው ነው።
«ሠላሳ ባልዲ» አለ፤
«ሁለት ቢጨምር፣ ሁለት ቢጎድል።»
ማንም አልሳቀበትም።
እኔ ብቻ ፈገግ አልኩ፣ በጨለማው፣ ለራሴ፤
ስምንት ዓመት ተምሬ የደረስኩበት
በአንድ መፍቻ ሲያልቅ።

ሃያ ስምንተኛው ላይ ቧንቧው አስነጠሰ፤
አየር ተፋ፣ ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ፣ ጨረሰ።
የቀሩት ሁለቱ የኬሳርቤን ናቸው።
«ሁለት ቢጎድል ብዬ ነበር» አለ ዳንሱክ፣ ዓይኑን ሰብሮ።
አልዋሸም። ልኩን ነው የተናገረው።
እሷም አልተቆጣች፤
ገመዱን በክንዷ ጠቅልላ
ጀሪካኖቿን አነሳች፣ ያለልማዳቸው ቀለሉ።

ለካ ስህተትም ባለቤት አለው።
«ሲደመር፣ ሲቀነስ» ብዬ፣
በእያንዳንዱ ነጥብ አናትና ግርጌ
እንደ ዋዛ የማሰምረው
ያ ቀጭን መስመር፣ ጫፉ ላይ
ሰው ቆሟል፣ ባዶ ዕቃ ይዞ፣
ወረፋው እስኪደርስ የሚያይ።

ከባልዲዬ ግማሹን ገለበጥኩላት።
ግማሽ መሰለኝ እንጂ፣ አልለካሁትም።

ከዚያ ወደ ብርዴ ተመለስኩ።
ለቪሽራም የጻፍኩለት ይህን ብቻ ነው፦
«ቁጥሮቹ ሁለት ሆነው ይቆዩ።
የታችኛው ዜሮ ነው፤
እንዳትሰርዘው።»