የአየር መዝገብ

ሙሐረቅ ላይ ንጋት፤ ባሕሩ ዘይት መስሎ፣
ነፋሱ እንቅልፍ ላይ፣ ጀልባው ገመድ ዝሎ።
“ዛሬስ ጸጥ ብሏል” ይለኛል እንግዳው፤
ጸጥታ እኮ ነው ሰውን የሚከዳው።
እያሳሳቀ ነው ውሃ ሲወስድ ሰው፣
የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ፣ ተረቱን አልረሳው።

ሰዉ ሻርክ ይፈራል፤ መጥቶ ይጠይቀኛል፣
“ጥርሱ ስንት ይሆናል? ወዴትስ ይገኛል?”
እኔ የምፈራውን ብነግረው ይስቃል፦
ጣት የማትሞላ አንዲት የጎማ ቀለበት፣
ጨውና ፀሐይ ሰርስረው የገቡባት፤
ጉንፋኑን ደብቆ “ደኅና ነኝ” የሚለኝን፣
ከጓደኛው ኋላ መቅረት የሚፈራውን፣
ለዛሬ ማታ በረራ ትኬት የቆረጠውን፣
ስጠይቀው ግን “ነገ ነው” የሚለኝን።
“ፈርሜያለሁ” ይላል፣ ወረቀቱን ታቅፎ፤
ፊርማ መቼ ያውቃል ውሃ ላይ ተንሳፎ?

ስሜ ስንዱ ነው። አምና ግን አልነበርሁም፤
ሰው ሲያጣድፈኝ አንዱን ጌጅ አላየሁም።
ከንፈሩ ጠቁሮ ልጁ ከባሕር ወጣ፤
ተረፈ። የእኔ እንቅልፍ እስከ ዛሬ አልመጣ።
ከዚያ ወዲህ ነው ይኸን ደብተር የከፈትሁት፣
“ሊሆን ሲል የቀረ” የሚል ስም የሰጠሁት።

     የካቲት፦ የጀልባው መሰላል ላልቷል። አሰርነው።
     መጋቢት፦ የኦክስጅኑ ሣጥን ተቆልፎ ቁልፉ ጠፋ።
          ከእንግዲህ አይቆለፍም።
     ሚያዝያ፦ ስምንት ሰው ወረደ፤ ሰባት ቆጠርን።
          ስምንተኛው ሽንት ቤት ነበር።
          (ሮወል ሳቀ። እኔ እጄ ተንቀጠቀጠ።)

ቡ ዒሳ ይመጣል፤ ወንበሩ በር ላይ ነው፣
አያቱ በዕንቁ ዘመን ገመድ የያዘው።
“ጠላቂ” ይለኛል “ጆሮውን ጥሎ ነው የሚሄድ፤
ላይ ያለው ይስማለት፣ በእጁ ባለው ገመድ።
ከእናንተም አገር ነበሩ፣ ሳይወዱ የመጡ፣
ገመዳቸው ሲጎተት አንዳንዶቹ ያልወጡ።”
ዝም አልሁ። መዳፌን አየሁት።
የእስክሪብቶ ቀለም ብቻ ነው ያለበት።

ዛሬ ስምንት እንግዳ ከሪፋ።
መጭመቂያው ያጓራል፤ ሲሊንደር ይሞላል፤
ከአጥሩ በስተጀርባ የበረዶ መኪና ቆሟል፣
ሞተሩ አልጠፋም። ነፋሱ ነቃና
የመኪናውን ጭስ ወደ መሳቢያው አቃና።
ማንም አላየውም። እኔም አላየሁት፤
ብቻ ፎጣ ላሰጣ ወጥቼ አሸተትሁት።
እዚህ ላይ ራስ ምታት ነው። እታች ግን አባብሎ፣
ያስተኛል ጭስ ሰውን፣ አፉ ላይ ተተክሎ።

“ስምንቱን ሲሊንደር አስተንፍሱት” አልሁኝ።
ባለቤቱ ኸሊፋ በዓይኑ ቆረጠኝ፤
“የስምንት ሰው ዲናር በአፍንጫሽ ብቻ?” አለኝ።
“የጋዝ መለኪያው ከታዘዘ ወር አለፈው፤
እስኪመጣ እኔ ነኝ።”

ሮወል ምንም አላለም፤ ቫልቩን ዞር አደረገ፤
የታሰረው ትንፋሽ ሁሉ እያፏጨ አረገ።
እንግዶቹ ተቆጡ። ገንዘብ መለስን።
አንዱ ከመኪናው ውስጥ አንገቱን አውጥቶ
“ባሕሩ እኮ ጸጥ ብሏል!” እያለ ሄደ።

ቡ ዒሳ ዘግይቶ “ምን ሆነ?” አለ።
ጆሮው ከብዷል።
“ምንም!” አልሁት ጮኬ።
“ምንም?”
“ምንም!”
ራሱን ነቀነቀ፤ መዳፉን ጨበጠ፣ ፈታ፣
አሁንም ጨበጠ።

ደብተሬን አወጣሁ። ቀኑን ጻፍሁ፣ ሰዓቱን፣
የነፋሱን አቅጣጫ፣ የመኪናውን ታርጋ፣
ከሥሩም፦ መሳቢያው ቱቦ ከጣሪያ በላይ ይነሣ። ዛሬ።
ከዚያ መሰላል ፍለጋ ወጣሁ፣
ያልላላ።