እያሳሳቀ

አሞራ ገደል ላይ፣ ከጀልባው መጠጊያ፣
ድንጋይ ነው ወንበሬ፣ ጣውላዬ ገበያ፤
ቅርፊት ስፍቅ ኖርኩኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
ቆሮሶ ስገልጥ ከጭራው እስካንገት።
አባ ኮዳ ቆሞ አንጀት ይጠብቃል፣
እንደ ዕዳ ጠያቂ አንገቱን ደፍቷል።
ደንበኛ ሲመጣ ሳቄን ነው የሚያውቀው፤
ከዓሣው አስቀድሞ እሱ ነው የሚጠብሰው።

ድዴን የነቀሰችኝ የአምሳለ እናት ናት፣
ኮምቦልቻ ሳለን፣ በእሾህ፣ በጥላሸት፤
«ጌጥም ነው» እያለች፣ «ጥርስም ያጠብቃል»፤
ሰማያዊው ቀርቷል፣ ጥብቀቱ ግን ለቋል።

መፋቂያዬ ላይ ደም አይ ነበር።
ደም ምን ይገርማል፣ ዓሣ ስትበልት ለምትውል ሴት?
ያበጠውን ድዴን ንቅሳቱ ሸፍኖት፣
መቅላቱን ማን ይይ በዚያ ሁሉ ጥቁረት።
አላመመኝም።
ያላመመውን ይዞ ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል?

በነሐሴ፣ የተጠበሰ በቆሎ ስግጥ፣
የታችኛው ጥርሴ ወዝወዝ አለ፣
ደለል ላይ እንደተተከለ የጀልባ ካስማ።

ሐዋሳ ሪፈራል፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ላታሞ ይባላል፣ ተማሪ ነው ገና፤
ጺሙ አልሞላለትም፣ ድምፁ ግን ዝግ ያለ፣ ቃሉም የተጠና።
ቀጭን ዘንግ ሰዶ ጥርሴን ሥሩን ለካ፤
ድድም እንደ ሐይቅ ጥልቀት አለው ለካ!
«ሦስት» አለ፣ «ሦስት»፣ «አራት»፣
ከዚያ ዝም። ከዚያ «ዘጠኝ»።
አጠገቡ ያለችው ልጅ ጻፈችው።

ጫፉ ቆልማማ ብረት አነሳና ፋቀኝ፤
ጠጠር ከጥርሴ ላይ ቅርፍ ቅርፍ ሲል ሰማሁ።
«ልጄ» አልኩት አፌን ሲለቀኝ፣ «ያንተም ሥራ ቅርፊት ነው?»
ሳቀ። ከፋቀው ላይ ቅንጣት ወስዶ መስታወት ላይ ቀባ፣
«ይዩት» አለኝ፤ ዓይኔን ወደ ማጉያው አስጠጋሁ።

እዩልኝ እንግዲህ!
የተጠማዘዘ ክር፣ የሚሾር፣ የሚዋኝ፣
እንደ ጨቅላ አምባዛ ኩሬ ውስጥ ሲርመሰመስ፣
ሥራ የያዘ፣ የማይተኛ፣ የእኔን ምሳ የበላ።
ስንቱን ዓመት አብሮኝ ስቋል!

«አየር አይወዱም» አለኝ። «ከድድ በታች፣ ጨለማው ውስጥ፣
ሐይቁ ሥር ጭቃው ውስጥ እንዳሉት ናቸው።
መፋቂያው ከላይ ያጸዳል፣ እነሱ ጋ አይደርስም።»
ከዚያ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ፣
«አጥንቱን የጨረሱት እነሱ ብቻ አይደሉም፤
እነሱን ለማስወጣት ገላዎ እሳት ይለኩሳል፣
ቃጠሎው ግን የሚበላው የራስዎን ምሰሶ ነው።»

ዝም አልኩ።
ባሌም ሲሄድ እንዲህ ነበር፣ አላመመኝም፤
መጀመሪያ ሬዲዮኑን፣ ከዚያ የክረምት ጫማውን፣
ከዚያ ከግድግዳው ላይ ምስማሩን ሳይቀር።
በመጨረሻ ላስቀረው ስነሳ፣ የነደደው የራሴው ቤት ነው።
«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚሉት
ስለ ዋናተኛ መስሎኝ ነበር።

«ሁለቱ አይድኑም፣ ሌሎቹን እናተርፋለን፣
በየሦስት ወሩ ከመጡ» አለ።
ነቀሰችኝ ያቺ፣ ነቀለልኝ ይሄ።

ጥርሴን በፋሻ ጠቅልዬ ወደ ገደሉ ወረድኩ።
ልጅ ሳለን የወተት ጥርሳችንን ጣራ ላይ ወርውረን
አዲስ አምጣልን እንለው ነበር ቁራውን፤
አሁን ማንን ልለምን? አንዱን ወደ ዳር ወረወርኩት።
አባ ኮዳ ተንደረደረ፣ ጓደኛውን ገፍቶ፣
አነሳው፣ በመንቆሩ ጫፍ አገላበጠው፣
አስቦ አስቦ
ተፋው።

ሳቅሁ፣ እጄን አፌ ላይ ሳልጭን፤
በክፍተቱ የሐይቁ ነፋስ ገባ።
አየር አይወዱም ብሏል።
ይግባ።