የአታላይ መኪና

ዕቁቤ ደረሰኝ፤ አራት ዓመት ጥዬ፣
እንደ ሌባ ወጣሁ ቦርሳዬን ከልዬ።
አዘዞ፣ ጎማ ቤቱ ጎን፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ነጭ ኮሮላ ቆማ፣ ጎማዋ በናፍጣ ተወልውሎ ሲያምር።

ደላላው ቀደመኝ፣ እጁን ዘረጋና፣
"አታላይ እባላለሁ" አለኝ ሳቅ አለና።
ስም ለጠላት ወጥቶ ለገዢ ሲተርፍ፣
የትኛዋ ሴት ናት በልቧ የምታርፍ?
መካኒኬ ደግሞ እንየው ነው ስሙ፤
አንዱ ሊሸጥልኝ፣ አንዱ ሊያይልኝ፣ ግራ ቀኜ ቆሙ።

"የዶክተር ናት" አለ፤ "ከቤት ሆስፒታል ነው መንገዷ፣
እሁድ ቤተ ክርስቲያን፤ ይኸው ነው ልማዷ።
መተማ አልወረደች፣ በረሃ አላየች፣
ቀለሟም የፋብሪካ፣ እንደተወለደች።"

እኔ ግን የበቅሎ ነጋዴ ልጅ ነኝ።
አባቴ ደባት ገበያ እጄን ይዞ ሲወስደኝ፣
ሻጩ ሲያወራ አይሰማም፤ "ወሬ አይጫንም" ይላል፣
ከንፈሯን ገልብጦ ዕድሜዋን ከጥርሷ ያነባል፣
ሰኮናዋን ያነሣል፣ ጎኗን በመዳፉ መታ ያደርጋል።
በመጨረሻ ውኃ ያስመጣና
ዝም ብሎ ይቆማል፣ ስትጠጣ ሊያያት።
ለምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ሞተ።

ታዲያ የመኪና ጥርሷ የት ነው?

እንየው ከኪሱ ማግኔት አወጣና
ዙሪያዋን ዳሰሳት፤ ቀኝ በሯ ላይ ሲደርስ ማግኔቱ ወደቀ።
"ስቱኮ" አለ ብቻ። አታላይ ግን ሳቀ።
የዘይቱን ዘንግ መዝዞ ጠረገ፣ አሸተተ፣
አስነሥቶም ከኋላ ጭሱን ቆሞ አየ።
ወደ ሰማያዊ ያደላል። "ትንሽ ነው" አለኝ።
ትንሽ ስንት ናት? ማን ይስፈርልኝ?

"ጎሃን ሳትወጣ መኪና ናት አልልም።"
ነዳሁ። ቢራ ፋብሪካውን፣ ማራኪን፣ ፒያሳን፣ በሰላም አለፈች፤
ዳገቱ ወገብ ላይ፣ አንደኛ ስከታት፣
"ቋ!" አለች ከሥሯ፤ እንደ ሰው ተነፈሰች።
አታላይ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

ወደ ራሴ ዞርሁ።
አሥራ አራት ዓመት አብሬው የኖርሁት ሰውዬ፣
መቼ ድምፁን ሰማሁ "አስነሣልኝ" ብዬ?
በሽማግሌ ቃል፣ በተተኮሰ ሱፉ፣
አምኜ ገባሁ እንጂ፤ ስንቱ ዘይት ፈሰሰ፣ ስንት ዓመታት አለፉ።
የእኔስ ጉልበት ቢሆን፣ ደረጃ ስወጣ፣
ይቺው "ቋ" አይደለች ሁልጊዜ የምትመጣ?
ኮፈን አስከፍቶ እኔንስ የሚገዛ ማን ነው?

ጎሃ አናት ላይ አቆምሁ። ከተማው ከሥር ተዘርግቶ፣
ግንቡም ስንጥቁ የለ፣ ከሩቅ ሁሉ ጠርቶ።
"አታላይ" አልሁት፤ "ዋጋ አይደለም የምጠይቅህ።
ለእናትህ ልጅ፣ ለእህትህ፣ ይቺን ትገዛላት ነበር?"
አፉን ከፈተ። ዘጋው። ሬዲዮኑን አጠፋ።
"ለእህቴ?... አልገዛም።
ዶክተር የሚባል የለም። መተማ መንገድ ተገልብጣ ነው የመጣች፤
ካምቢዮዋም አንድ ክረምት ብትገፋ ነው፣ ከዚያ አበቃች።"
ቀጥሎም ለራሱ፣ "ኮሚሽኔን በገዛ አፌ በላሁት" አለ።
እንየው ገና አሁን ፈገግ አለ።

ራዲያተሯ ይንተከተካል። ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ሞቋል።
ያልነገሩኝን ጤና ልፈልግ ሌላ ቦታ ልሂድ?
ወይስ የነገሩኝን ሕመም ይዤ ልውረድ?
እስክትበርድ ጠበቅን። ክዳኗን በነጠላዬ ጫፍ ፈታሁና
አንድ ሃይላንድ ውኃ አፈሰስሁላት።
ጎንበስ ብዬ አየኋት።
ጠጣች።
ሌላ ሃይላንድ አስመጣሁ። እሱንም ጠጣች።
እንየው ተንበርክኮ ከሥሯ መሬቱን ዳበሰ፤
ደረቅ ነው።

"አታላይ" አልሁት፣ ዓይኔን ከውኃው ሳላነሣ፣
"የካምቢዮውን ብቻ አይደለም፤ የዶክተሩንም ጭምር፣
ስንት ነው የምትቀንሰው?"