ሦስት ጣሳ

ሐምሌ አሥራ ስድስት፣ ዶሮ መዝለያ ላይ፣
ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣ አናቱ ሳይታይ፣
ከእማ ዘምዘም ጓዳ፣ ከግድግዳው መሐል፣
ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አፉን ከፍቷል።
በጂፕሰም ለጠፍኩበት ቀጭን መስታወት፤
"ምስክር" ይባላል እኛ ትምህርት ቤት።
ዳገቱ ከሄደ እሱ ይሰበራል፣
ካልሄደም እንዲሁ ዝም ብሎ ያድራል።

ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የማዘጋጃ ቅጽ
ሁለት ሣጥን አለው፣ ሌላ የለው ገጽ፦
"ይነሱ።"
"አይነሱ።"
አንዱ ላይ ምልክት፣ ከሥሩም ፊርማ፤
አርባ አንዱ አባወራ ውሳኔ ሊሰማ
በየጣሪያው ጥጋት፣ ጆንያ ደርቦ፣
ዓይኑን እኔ ላይ ጥሎ ቆሟል ተሰብስቦ።

እኔ ግን ደብተሬን ለሦስት ነው ያሰመርኩት፦
ይናዳል፤ ከአሥር ስድስት።
አይናድም፤ ከአሥር አራት።
እንጃ፤ ከአሥር አምስት።

አለቃዬ በስልክ ሳቀ፦
"ደምረሽዋል? ከአሥሩ አሥራ አምስት ወጣ!
ምህንድስና ነው ወይስ ጠጠር መጣል?"

ምን ልበለው?
ስድስቱን የነገረኝ ምንጩ ነው፣ ከትናንት ወዲህ የደፈረሰው።
አራቱን የነገረኝ ዐለቱ ነው፣ ሠላሳ ክረምት ያልተነቃነቀው።
አምስቱን የነገረኝ የለም፤
በጀት ጠፍቶ ያልተቆፈረ ጉድጓድ ነው፣ ዝም ያለው።
የሦስት አፍ ወሬ በአንድ ቁና ይሰፈራል ወይ?

ደግሞስ "ብዙ ዝናብ" የት ላይ ይጀምራል?
ጠሉ ካፊያ ሲሆን፣ ካፊያው ሲወፍር፣
ዶፍ የሚባልበት የቱ ላይ ነው ድንበር?
ገና ወገግ ሲል፣ ሳይነጋ ሳይጨልም፣
ቃል አለው ቋንቋችን፤ ቅጹ ግን የለውም።

እማ ዘምዘም ክንዴን ያዙኝ፦
"ልነሳ ወይስ ልቀመጥ? ንገሪኝ እንጂ።"
"እንጃ፣ እማ።"
"እንጃማ እኔም ቤት አለች።
ያንቺዋ፣ ደመወዝ የሚከፈልባት፣
ስንት ታክላለች?"

ከጓዳ ሦስት የድልህ ጣሳ አመጡ፣ አንድ ቁና ሽምብራም።
አንዱ ለ"ይናዳል"፣ አንዱ ለ"አይናድም"፣
ሦስተኛው፣ ዝገት የበላው፣ ለእንጃ።
"የልባችሁን ያህል ጣሉ። በሦስቱም መጣል ይቻላል፤
ልብ አንድ በር የለው።"

ሙሄ ግንበኛው ሁለት እዚህ፣ አንድ እዚያ፣ ለእንጃ ግን እፍኝ ሙሉ።
አፀደ ባለሻይ ቤቷ ሦስቱን እኩል አደረገች፣ ሳታፍር።
አያ አሰን ያላቸውን ሁሉ "አይናድም" ውስጥ ከተው፣
ደጃፍ ደርሰው ተመለሱና
አንዲት ፍሬ፣ አንዲት ብቻ፣ ለእንጃ።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡም የራሱን ይቆጥራል።
አርባ አንድ ቤት ነበርን፤ ሽምብራው ሁለት መቶ አለፈ።
ስህተት ነው ያለ ሰው አልነበረም።

እማ ዘምዘም የዛገውን ጣሳ በእጃቸው መዘኑት፦
"ይህ እንኳን ፍርድ አይደለም። ግን አጠገቡ ልጅ አይተኛም።"

እኔም በሁለቱ ሣጥን መካከል፣ በጠባቧ ባዶ ቦታ፣ ጻፍኩ፦
ሌሊት ይነሱ፤ ቀን ይመለሱ።
በየማለዳው መስታወቱ ይታይ፤ ይህ ቅጽ እንደገና ይሞላ።
ማኅተሙ መሐል ላይ አርፎ አያውቅም ነበር።
ያን ማታ አረፈ።

ገራዶ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ዴስክ ገፍተን አደርን፤
አንድ ሕፃን ሲያስል፣ አንድ ዶሮ ሲጮህ።
ወገግ ሲል ወጣን።

መስታወቱ አልተሰበረም።
ጥጉ ላይ ግን ፀጉር የምታክል ጭረት።
ከፋብሪካ ትሁን ከምድር፣
እንጃ።

"በከንቱ በረደን" አለ ሙሄ።
"አብሽር" አሉት እማ ዘምዘም፣
"ዛሬ ያወቅነውን ይዘን
በትናንት አንፈርድም።"

ከዛገው ጣሳ ሁለት ፍሬ ቆጥረው አነሱ።
አንዷን ለእኔ፣ አንዷን ለራሳቸው።
ጥሬዋን ቆረጠምናት።

ጣሳው ገና ብዙ ነበረው።
ሰማዩም።