አንድ ፍቀት

ከአወይቱ ድልድይ ወዲህ፣ ከነዚፍ ጋራዥ ደጅ፣
ዲኤክሴ አፏን ከፍታለች፣ ጥርሷ እንደሚነቀል ልጅ።
ቴስታታው ወርዷል፤ ካንዴላው ካርቶን ላይ ተደርድሯል፤
የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሏል።

ነዚፍ ጣቱን ሲሊንደሩ ውስጥ አግብቶ ዳሰሰ፤
ምንም አላለም። እጁን በአሮጌ ካናቴራ አበሰ።
«እንግዲህ መምህር» አለኝ፣ «መንገዱ ሁለት ነው፤
ወይ ይኸን እንፋቀው፣ ወይ አውርደን እንለውጠው።»

ሚፍታ፣ ረዳቱ፣ ስልኩን ዘረጋልኝ በግራሶ ጣቱ፤
የዱባይ ሞተር ነው፣ ታጥቦ የሚያብለጨልጭ ፊቱ።
«መቶ ስልሳ ሺህ ከነካምቢዮው፤ ሐሙስ ይገባል በአይሱዙ፤
ቅዳሜ ሰቃ ገበያ ይነዱታል፤ የምን መዘዙ?»

ጥሩ። ግን ማን ነዳው? በየትኛው አሸዋ ላይ ነደደ?
ስንቴ ያለ ውሃ ፈላ፣ የስንት ሰው እግር ለመደ?
ታጥቦ የመጣ እንግዳ አገሩን መች ይናገር፤
የታጠበ ሁሉ ጤነኛ ቢሆን፣ ጋራዥ ምን ይሠራ ነበር?

ደግሞ ሊብሬው አለ።
የሞተር ቁጥር የምትል መስመር፣
አጎቴ ወልደሰንበት ሲገዛት የተጻፈች፣ በእጅ፣ በቀለም ብዕር።
የእኔ ልደት በግምት ነው፣ «ድልድዩን ጎርፍ የወሰደ ክረምት»፤
ያቺን ቁጥር ግን እላታለሁ፣ ቢቀሰቅሱኝ በእኩለ ሌሊት።
ብትለወጥ፣ ትራንስፖርት ቢሮ፣ ሦስተኛው መስኮት፣ ሴትዮዋ ቀና ሳትል
«የድሮውስ የት ደረሰ?» ትለኛለች። ምን ልበል?

ስመኝ ሞተር አታውቅም፤ ብር ግን ታውቃለች፤
«አምና ፍሪሲዮን፣ ዘንድሮ ደግሞ ሆዷ» ትላለች።
«ጣሪያው እያፈሰሰ ፒስተን የሚያልም ሰው!» ብላ
ሳቀች። ከዚያ መሳቁን ተወች፤ ከእጇ አኖረች ቢላ።
«ግን ያን ሌሊት፣ ከደዶ ስንመጣ፣ ያን ዳገት…» አለች፤
አልጨረሰችውም። ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ነዚፍ መለኪያውን ወደ ብርሃን ይዞ አነበበ፤
ከንፈሩን ነከሰ፣ በጣቶቹ አሰበ።
«ሃያ አምስት ተፍቋል፤ ሃምሳ ተፍቋል፤ ሰባ አምስትም አልፏል፤
አንድ ፍቀት ቀርቶታል። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ይሳሳል፤
ውሃና እሳቱ ይገናኛሉ።»

ማደስ ማለት መጨመር ይመስለኝ ነበር፤
ለካ መቀነስ ነው፣ ከጎን በስሱ መሸርሸር፣
ጭረቱ እስኪጠፋ ድረስ ደኅናውንም መፋቅ፣
ከዚያ በሰፋው ልክ ወፍራም ፒስተን ከሱቅ መጠየቅ።
እኔንስ ስንቴ ፋቀኝ የሃያ ሰባት ዓመት ጠመኔ፣
ስንት ሰባተኛ «ለ» አለፈ በደረቴ በጎኔ?

ዝናቡ ሲያባራ እስከ ሂርማታ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ፤
መቶ ስልሳ ሺህን ለደሞዜ አካፈልኩ፣ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ጀመርኩ።
ባጃጅ ጭቃ ረጨኝ። «ቲቸር፣ መኪናዎስ?» አለኝ አንድ ልጅ።
«አፏን ከፍታለች» አልኩት፣ «ከነዚፍ ደጅ።»

ስደርስ ሚፍታ ወረቀት ብሎኩ ላይ ለጥፎ፣ እርሳስ አግድሞ አሽቶ፣
«ለማንኛውም» አለኝ፣ ቁጥሩን ለቢሮው አንሥቶ።
በእርሳሱ ጥቁረት መሃል አኃዞቹ ነጫጭ ሆነው ወጡ።
አነበብኳቸው። ደገምኳቸው።
ከሊብሬው ጋር አንድም አልገጠሙ።

አጎቴ!
አንድ ቀን፣ ለማንም ሳይተነፍስ፣ ለውጦታል።
ስንት ዓመት ቦሎ ተለጥፏል፣ ማን ጎንበስ ብሎ አይቶታል?
ያ የእኔ ያልኩት፣ የድሮው ያልኩት፣ ያን ዳገት ያወጣን፣
እሱም ታጥቦ የመጣ ነበር፤ እኛም አልጠየቅነው ማን እንደሆን።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።
ነዚፍ ከመኪናው ሥር ሁለት እግር ብቻ ነው፤
«እህ፣ መምህር?»
«ፋቀው።»
«ከዚህ በኋላ ግን የለውም።»
«ከዚህ በኋላማ ለማን አለው?»

ትንሽ ዝም አለ። ቁልፍ ሲወድቅ ሰማሁ።
«እሱስ ልክ ነው» አለ ከሥር፣
«ቀብድ ግን ዛሬ ነው።»