የአንሶላው ሌላ ጫፍ

በአሬኪፓ ከተማ፣ ከሆስፒታሉ ሆድ፣ ከምድር ቤቱ ሥር፣
ሦስት ማጠቢያ ማሽን ሲያጓራ፣ ሲዞር፣ ሲተነፍስ ሲያድር፣
እኔና ኔሊዳ ከሌሊት እስከ ረፋድ አንሶላ እናጥፋለን።
ለአንድ ሰው አይመችም፤ ተጋግዘን እንለፋለን።

እኔ በዚህኛው ጫፍ፣ እሷ በዚያኛው ጫፍ፣
ዘርግተን፣ አራግፈን፣ ስንጀምር ማጠፍ፣
"ስንት ሆነ?" እላታለሁ።
"አንድ ሁለተኛ።"
እንቀራረባለን፤ ጣቷ ጣቴን ይነካል።
"አሁንስ?"
"አንድ አራተኛ።"
ደግሞ ስናጥፈው ወፈረ፣ ጠበበ፤
"አንድ ስምንተኛ!" አለች፤ ግንባሯ ላይ ላቡ እንደ ጤዛ ረበበ።

"ስምንት ከአራት ይበልጣል፤ ታዲያ አንድ ስምንተኛው ስለምን አነሰ?"
ይህ ነበር ጥያቄዋ፣ ከእንቅልፏም ከጉንጯም የቀነሰ።
መጽሐፉ ዝም አላት።
አንሶላው መለሰ።

ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በአሥራ አምስቷ እናቷ አልጋ ያዘች፤
የድንች መደቡን፣ ሚዛኑን፣ ዕዳውን እሷ ተረከበች፤
ደብተሯም ከዚያ ቀን ወዲህ
ለተንጋደደው ሚዛን እግር ድጋፍ ሆኖ ቀረ።
አሁን ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣
የነርሶች ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለባት።

መጽሐፉን የገዛችው ከአሮጌ ተራ ነው።
ዬሲካ የምትባል ልጅ ስሟን ጽፋበታለች፣ በሐምራዊ ቀለም፤
መልሱንም ሞልታዋለች፤ ግማሹ ግን ልክ አይደለም።
"ዬሲካ የኔ እህት፣ ሁለት የሆነው ኩላሊት፣ ልብማ አንድ ነው" ትላለች፣
በማታውቃት ልጅ ላይ ትስቃለች፣ መልሳ ታዝንላታለች፣
"የት ደርሳ ይሆን?" ትላለች።

እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ጥያቄውን ሳነብላት
ፊደል በፊደል ነው፣ በጣቴ እየመራሁ፣ እየተደናቀፍኩ፤
"ቀስ ስትዪ እኮ ነው ማሰቢያ ጊዜ የማገኘው" ትለኛለች።
ለእኔ ብላ ነው። ገብቶኛል። አልተቃወምኩ።

ፈተናው የማይጠይቀውን ግን ማን እንደሷ ያውቃል?
የወሊድ ደም ከቁስል ደም በምን በምን ይለያል፤
የትኛው ቢጫ የጉበት ነው፣ የትኛው የተደፋ ጭማቂ።
አንድ ሌሊት ከአራተኛ ፎቅ ከወረደው ክምር
አንዱን መዛ ጠርዙን አሳየችኝ፤
ተጨምድዷል፣ ተጨብጧል፣ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።
"ይህ ሰው" አለች፣ "ሌሊቱን ሙሉ ደወሉን አልነካም፤
ይህን ነው የያዘው።"
በዚያ ሌሊት ክፍልፋይ አልተጠያየቅንም።

ሐሙስ ዕለት፣ የደም ሥሮችን ስም የጻፈችበት ወረቀት
ከኪሷ ሳይወጣ ከማሽኑ ገባ፤
ሲወጣ የታኘከ ጥጥ መሰለ።
በመዳፏ ይዛ አገላበጠችው። አንድ ፊደል የለበትም።
"እንግዲህ ወይ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፣ ወይ ቦዩ ውስጥ" አለች፤
አልሳቀችም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።
አንዱን ጫፍ በበሩ እጀታ አስሬ፣
ሌላውን በአገጬ ይዤ፣ በክንዴ ወጥሬ፣
"ግማሽ" አልኩ ጮክ ብዬ። ማሽኑ አጓራ።
"ሩብ።" ቋጠሮው ተፈታ፤
አንሶላው ወለሉን ጠረገ፤ እንደገና ለእጥበት መለስኩት።
የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፦ ሦስት ተኩል።
ሒሳቡ ላይ ደርሳ ይሆን?
ጥያቄውን ዛሬ ማን ነው ቀስ ብሎ የሚያነብላት?

አለቃችን ዶን ኤውሴቢዮ ሊቆጥር ወረደ።
"አሥራ አንድ ብቻ?" አለኝ፣ ክምሩን በእርሳሱ ጫፍ እየነካ።
"አዎ" አልኩት፣
"ዛሬ የመጣሁት አንዷ ጫፍ ብቻ ነኝ።"